ሽታው ደጅ እስኪደርስ

ኢሽቤል ጎረቤቴ፣ ሰማንያን ያለፈች፣
ረቡዕ ከቀትር በፊት በሬን ደበደበች።
ሌሊቱን አውቶብስ ሳጥብ አድሬ
ገና ጋደም ማለቴ ነው፣ ካልሲዬም በእግሬ።
«አትቆጣ» አለች ስከፍት፣ «አትቆጣ፣ ልጄ፤
አፍንጫህን አበድረኝ፣ ቅቤ ነክቷል እጄ።»

ያገሬ ሰው «አፍንጫህን ላስ» ሲል ሰምቻለሁ፤
«አበድረኝ» ያለ ግን የት አግኝቼ አውቃለሁ?

አርብሮዝ ናት ከተማችን፣ ከሰሜን ባሕር ዳር፣
ዓሣ በበርሜል የሚጨስባት በየጓሮው፣ በየሰፈር።
ካፖርቴን ሳወልቅ ጢሱ አብሮኝ ይገባል፤
ለእሷ ግን ካምናው ጉንፋን ወዲህ ሁሉም ውሃ ሆኗል።
ሳሙናው ውሃ። ክብሪቱ ውሃ።
ባለፈው ሾርባ አሯት፣ ያወቀችው ደወሉ ሲጮህ ነው።

ከጠረጴዛው ላይ የእናቷ ወረቀት፣
የቅቤ ጣት ያሸው፣ ያጠየመው ሙቀት፦
አጃ፣ ሁለት ኩባያ። ዱቄት፣ አንድ። ተምር፣ አንድ እፍኝ።
የወደቀ ፖም፣ ሁለት። ቡናማ ስኳር፣ ቢገኝ።
ሰዓት አልተጻፈም፤ የእሳቱም ልክ የለም፤
«ሽታው ደጅ እስኪደርስ» ብሎ ነው የሚፈጽም።

ተምሩን ከፖሙ ጋር በዝግታ ቀቀልን፤
(ፍሬውን ስፈለቅቅ አንዷ አመለጠችኝ፣ ብንፈልግ አጣን።)
«አጃውን አትጨምቀው፣ አሸዋ ይምሰል» ብትለኝ አስመሰልኩ፣
ግማሹን ከትሪው ሥር እንደ ፍራሽ አነጠፍኩ፣
ተምሩን አስተኛሁ፣ ቀሪውን አለበስኩ።
እኔ አጃን የማውቀው በአጥሚት ነው፣ ለአራስ፣ ለታመመ፤
እንደ ጡብ ተቆርጦ ይበላል ብሎ ማን አለመ?

ምድጃው ተዘጋ። «አሁን ደጅ ቁም» አለችኝ።
ቆምኩ። የባሕሩ ነፋስ በካልሲዬ ገባኝ።
እሷ ከውስጥ፣ እጇን ከእጀታው ሳታነሣ፣
«ደረሰ?»
«አልደረሰም።» የሚሸተኝ የጎረቤት ዓሣ።
«ደረሰ?»
«ገና ነው።»
የፖስታው ሰው ቆም ብሎ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ፤ «ሽታ» ብዬ ነገርኩት፤
አፍንጫውን ሽቅብ አነሣ፤ ለካ ሳላስበው ቀጠርኩት።

ከዚያ መጣ።
መጀመሪያ ቅቤው፣ የኮሪደሩን ግድግዳ ተጠግቶ፣
ቀጥሎ ተምሩ፣ ጥቁር ማር መስሎ፣ ወፍሮ፣ ረግቶ፣
ኋላ አጃው፣ እንደ ባለቤት፣ በሩን ሞልቶ።
«ደረሰ!»
«ምን ይላል?» አለች። «ንገረኝ፣ ምን ይላል?»

የኔ እንግሊዝኛ ለባልዲ ነው፣ ለመጥረጊያ፣ ለጎማ፤
ለሽታ የሚሆን ቃል ከማን ልማር በዚህ ከተማ?
ያለኝን አወጣሁላት፦ እህቴ የዝብነሽ የወለደች ሰሞን
አጃ የታመሰበትን ጓዳ፣ ያን የነሐሴ ቀን፣
እርጥብ ነጠላ በገመድ፣ ወተት የሸተተ የሕፃን አናት፣
«በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል!» የምትል አዲስ እናት።

ከኢሽቤል እናት ቤት ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም።
እሷ ግን ዝም አለች። የምድጃ ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ ዝም።
አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላል ያገሬ ሰው፤
የተመታው የኔ ነበር፤ የእሷ ዓይን ነው ያለቀሰው።

ሳይበርድ ከተቆረጠ ይፈርሳል፤ ተቀምጠን ጠበቅን፤
ከዚያ አራት በአራት፣ አሥራ ስድስት አወጣን።
አንዱ ለፖስታው ሰው፤ «ለጥቂትም ቢሆን ሠርቷል።»
ለኔ ያረረው ጥግ፤ «ደሞዝህ ነው፣ እሱ ይጣፍጣል።»

ሌሊት ባዶ አውቶብስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ቆረጠምኩት፤
ጠጠር ጥርሴን ቢመታው መጥረጊያዬን አቆምኩት።
ያቺ ያመለጠችኝ የተምር ፍሬ ናት።
አልጣልኳትም፤ በኪሴ፣ ከቁልፉ ጋር፣ አኖርኳት።
ረቡዕ ይመጣል፤ በሬ ይደበደባል፤
የሰው አፍንጫ አደራ ወስዶ ማን ይተኛል?